ህጉ ይውጣ፣ ጥርሱ ይርገፍ፦ የኢንቨስትመንት ፈንዶች ሎቢ እንዴት ነው ሚሰራው?

አሜሪካ ውስጥ ኦባማም፣ ትራምፕም፣ ባይደንም "ይዘጋ" ያሉት አንድ የታክስ ቀዳዳ አለ። ሶስት ፕሬዝዳንት፣ ሁለት ፓርቲ፣ ቀዳዳው ግን ዛሬም ክፍት ነው። ካሪድ ኢንተረስት ይባላል። ይሄ እንዴት ይሆናል ብሎ ለሚገርመው ሰው መልሱ ያለው የፈንድ ኢንዱስትሪው ሎቢ (ህግ አውጪውን ለማሳመን ሚሰራ ቡድን) ጋ ነው፣ ስለዚ እሱን ቀስ ብለን እንየው። (አመተ ምህረቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፈንድ ምንድነው ሚለውን ላስቀድም። ብዙ ሰው ወይም ብዙ ድርጅት ያዋጣውን ብር አንድ ላይ አርጎ አክሲዮን፣ ቦንድ፣ ህንጻ ወይም ሙሉ ካምፓኒ ሚገዛበት ቋት ነው። ቋቱን ሚያስተዳድረው ድርጅት ብሩ የራሱ አይደለም፣ የሱ ገቢ ከቋቱ ሚቆርጠው ክፍያ ነው። ሚውቹዋል ፈንድና ኢቲኤፍ ሚባሉት ለተራው ቆጣቢ ክፍት ናቸው፣ የብዙ አሜሪካዊ ሰራተኛ ጡረታ እዛ ውስጥ ነው ያለው። ሄጅ ፈንድና ፕራይቬት ኢኩቲ (ሙሉ ካምፓኒ ገዝቶ ኋላ ሚሸጠው) ደሞ በዋናነት ለሀብታሞችና ለትላልቅ ተቋማት ናቸው፣ ቁጥጥሩም ላላ ያለ ነው። ጥቅማቸው ስለሚለያይ ማህበራቸውም ለየቅል ነው፤ የሚውቹዋል ፈንዶቹ ከ1940 ጀምሮ ያለው ኢንቨስትመንት ካምፓኒ ኢንስቲትዩት፣ የሄጅ ፈንዶቹ ማኔጅድ ፈንድስ አሶሴሽን፣ የፕራይቬት ኢኩቲዎቹ አሜሪካን ኢንቨስትመንት ካውንስል፣ ብራስልስ ላይ ኤፋማ፣ ለንደን ላይ ቢቪሲኤ፣ እያለ ይቀጥላል። እነዚህ ማህበራት ሎቢስት ይቀጥራሉ፣ ጥናት ያሰራሉ፣ ረቂቅ ህግ ሲወጣ በመቶ ገጽ ሚቆጠር አስተያየት ይጽፋሉ። ሁሉም ህጋዊ ነው፣ ተመዝግቦም ነው ሚሰራው። ሻንጣ ሙሉ ብር ይዞ ሚሮጥ ሰው እየፈለገ ያለ ካለ እዚህ ብዙም አያገኝም፣ እዚህ ያለው አሰልቺ ወረቀት ነው፣ እና ለኔ ጉልበቱ ያለው እዛው አሰልቺነቱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ካሪድ ኢንተረስት። የፕራይቬት ኢኩቲ አስተዳዳሪ የተለመደ ክፍያው "ሁለት እና ሃያ" ነው፤ በየአመቱ 2 በመቶ ማስተዳደሪያ፣ ሲያተርፍ ደሞ ከትርፉ 20 በመቶ። ይቺ 20 በመቶ ናት ካሪድ ኢንተረስት ምትባለው። በቁጥር እንያት። አንድ ፈንድ ከባለገንዘቦች 1 ቢሊዮን ዶላር ሰብስቦ ካምፓኒዎች ገዛ እንበል፣ ከ6 አመት በኋላ በ2 ቢሊዮን ሸጣቸው። ትርፉ 1 ቢሊዮን፣ የአስተዳዳሪዎቹ ድርሻ 200 ሚሊዮን። ልብ በሉ፣ የተገዛበት ብር በአብዛኛው የነሱ አይደለም፣ እነሱ በዋናነት ያዋጡት ስራቸውን ነው። ይሄ 200 ሚሊዮን እንደ ደሞዝ ቢታይ ከፍተኛው የፌደራል ገቢ ግብር 37 በመቶ ስለሆነ 74 ሚሊዮን ይከፍሉበታል። ህጉ ግን የራሱን ብር አውጥቶ አክሲዮን ገዝቶ እንዳተረፈ ሰው ነው ሚያያቸው፣ የካፒታል ትርፍ ማለት ነው፣ እና የሱ ከፍተኛ ግብር 20 በመቶ ነው፣ 40 ሚሊዮን። (3.8 በመቶ ምትባል ተጨማሪ ነገር አለች፣ ለቀላልነት ትቻታለሁ።) ልዩነቱ ከአንድ ፈንድ ብቻ 34 ሚሊዮን ዶላር ነው።

እስቲ ይሄን 34 ሚሊዮን ይዛችሁ አስቡት። እሱን ላለማጣት ስንት ጠበቃና ስንት ሎቢስት መቅጠር ያዋጣል? ኧረ ስንቱን። በሌላ በኩል ቀዳዳው ቢዘጋ ሚገኘው ገቢ በመቶ ሚሊዮን ለሚቆጠር ግብር ከፋይ ሲካፈል ለአንዱ በአመት ጥቂት ዶላር ነው ሚሆነው፣ ለጥቂት ዶላር ብሎ ስራውን ትቶ ኮንግረስ ደጃፍ ሚቆም ደሞ የለም። አንደኛው ወገን ሙሉ ሰአት ሚሰሩ ባለሙያዎች አሉት፣ ሌላኛው ወገን መጣላቱንም አያውቅም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ2007 የምክር ቤት አባሉ ሳንደር ሌቪን ይሄ ገቢ እንደ ደሞዝ ይታይ ሚል ረቂቅ አቀረቡ። ከዛ በኋላ ተመሳሳይ ሀሳብ ተወካዮች ምክር ቤቱን ከአንዴም በላይ አልፎ ነበር፣ ሴኔት ሲደርስ ውሃ በላው። በ2015 ትራምፕ ምርጫ ሲወዳደሩ የሄጅ ፈንድ ሰዎችን በስም ጠርተው ግብር አይከፍሉም ብለው ወረዱባቸው። በ2017 የታክስ ህጉ ሲወጣ ታድያ ምን ሆነ? ቀዳዳው አልተዘጋም፣ ዝቅተኛውን ግብር ለማግኘት ንብረቱን ለ1 አመት መያዝ በቂ የነበረው ወደ 3 አመት ከፍ አለ። በዜና ሲነገር "ተጠበቀ" ይመስላል። ግን ፕራይቬት ኢኩቲ በባህሪው ካምፓኒ ገዝቶ ለአመታት ነው ሚይዘው። ከላይ ያለው ፈንዳችን 6 አመት ነው የያዘው፣ ስለዚ አዲሱ ህግ አንዲት ሳንቲም አልጨመረበትም። ባብዛኛው የነካው ቶሎ ቶሎ ሚገዙ ሚሸጡትን ነው፣ እነሱም ብዙዎቹ ድሮውኑ የአንድ አመቷንም አይጠብቁም ነበር። በዛ ላይ ለሪል ስቴት ንግድ የሚውል ንብረት ሲሸጥ ሚገኘው ትርፍ ከ3 አመቱ ህግ ውጪ ሆነ።

ይሄ ነው እንግዲ ዋናው ነገር። የተሳካ ሎቢ ሁልግዜ ህግ አይገድልም። ህጉ ይወጣል፣ ፖለቲከኛው ቃሌን ጠበቅኩ ይላል፣ ጋዜጣው ይጽፋል፣ ጥርሱ ግን ረግፏል። ጥርሱ ሚረግፈው የት ነው ካላችሁ ቁጥር ላይ ነው (3 አመት ነው 5 አመት?)፣ "ከዚህ በስተቀር" ሚለው አንቀጽ ላይ ነው፣ መቼ ስራ ላይ ይዋል ሚለው ላይ ነው። እነዚህን ደሞ ከሙያው ሰው ውጪ ማንም ቁጭ ብሎ አያነብም።

2022 ላይ የሆነው ደሞ እንደ ድራማ ነው። ዴሞክራቶች ሴኔት ውስጥ 50 ድምጽ ብቻ ነበራቸው፣ አንድ ሰው ከቀረ አለቀ። ኢንፍሌሽን ሪዳክሽን አክት ሚባለው የባይደን ትልቅ ህግ ረቂቅ ውስጥ 3 አመቱን ወደ 5 አመት ሚያሳድግ አንቀጽ ነበር፣ በ10 አመት ወደ 14 ቢሊዮን ዶላር ያስገባል ተብሎ የተገመተ። የአሪዞናዋ ሴናተር ክርስተን ሲነማ ይሄ አንቀጽ ካልወጣ አልደግፍም አሉ፣ ወጣ። በምትኩ ካምፓኒዎች የራሳቸውን አክሲዮን መልሰው ሲገዙ ሚከፍሉት 1 በመቶ ታክስ ገባ፣ ግምቱ 74 ቢሊዮን። ልብ በሉ፣ መንግስት ያገኘው ገቢ ከቀረው አምስት እጥፍ ነው፣ ስለዚ ክርክሩ "ታክስ ኢኮኖሚውን ይጎዳል" ሚለው አልነበረም፣ ማን ይክፈለው ሚለው ነበር። ኤፒ የዜና ወኪል በወቅቱ ሴናተሯ ከዚህ ኢንዱስትሪ ባለሙያዎች በአንድ አመት ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የምርጫ መዋጮ ማግኘታቸውን ዘግቧል፣ ቢሯቸው በበኩሉ መዋጮ ውሳኔያቸውን እንደማይነካ ነው የተናገረው። ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ ባይ ነኝ። መዋጮ ሁሌ ድምጽ አይገዛም፣ ብዙ ግዜ ሚገዛው የሰላሳ ደቂቃ ቀጠሮ ነው፣ እና ያን ቀጠሮ ያላገኘው ወገን ክርክሩ አልተሰማም።

ድራማው እዛም አላበቃም። እዛው ህግ ላይ ትላልቅ ካምፓኒዎች ቢያንስ 15 በመቶ ይክፈሉ ሚል አንቀጽ ነበር። የመጨረሻዋ ሰአት ላይ በፕራይቬት ኢኩቲ ስር ያሉ የተለያዩ ካምፓኒዎች እንደ አንድ ተደምረው እንዳይቆጠሩ ሚያደርግ ማሻሻያ መጣ፣ ሰባት ዴሞክራቶች ከሪፐብሊካኖቹ ጋ ሆነው 57 ለ 43 አለፈ። ስለዚ ግን ሰው ብዙም አላወራም፣ ሁሉም ዓይኑ ካሪድ ኢንተረስት ላይ ነበራ።

2025 ላይም ያው ነው። ትራምፕ የካቲት ላይ ቀዳዳው ይዘጋ አሉ፣ ሀምሌ 4 የተፈረመው ትልቁ የታክስ ህግ ግን አልነካውም። ከዚህ በላይ ሚገርመው ሌላ ነገር ነው። ፕራይቬት ኢኩቲ ካምፓኒ ሚገዛው በብዛት በብድር ነው፣ ብድሩም የተገዛው ካምፓኒ ላይ ይጫናል፣ ስለዚ የብድር ወለድ ከታክስ በፊት ምን ያህል ይቀነሳል ሚለው ለነሱ የህይወት ጉዳይ ነው። የ2017ቱ ህግ ይሄን ገደብ ከ2022 ጀምሮ አጥብቆት ነበር፣ የ2025ቱ መልሶ አላላው። ካሪድ ኢንተረስት አልሞት ባይ ተጋዳይ ሆኖ ሁሉንም ካሜራ ሲስብ የወለዷ አንቀጽ በጎን ሹልክ ብላ አለፈች። ይቺን ያለ ፋይናንስ ገጽ ማን ይዘግባታል?

ፍትሃዊ ለመሆን የኢንዱስትሪውንም ወገን ላስቀምጥ። እነሱ ሚሉት እኛ ደሞዝተኛ አይደለንም፣ ካልተረፈ ባዶ እጃችንን ነው ምንቀረው፣ አንድ ሰው በላቡ ካምፓኒ መስርቶ ሲሸጠው የካፒታል ትርፍ ግብር ነው ሚከፍለው፣ እኛስ ምን ለየን ነው። ሙሉ በሙሉ ውድቅ ሚደረግ አይደለም። ግን በኮሚሽን ሚሰራ ሻጭም ካልሸጠ ባዶ እጁን ነው ሚቀረው፣ የሱ ገቢ ግን እንደ ደሞዝ ነው ሚታየው። እንግሊዝ ለምሳሌ ከዚህ ክርክር በኋላ መሀል ላይ ቆማለች፤ 28 በመቶ የነበረው ከሚያዝያ 2025 ወደ 32 ከፍ አለ፣ ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ ደሞ ወደ ገቢ ግብር ስርአት ይገባል፣ ግን ከገቢው 72.5 በመቶው ብቻ ነው ሚታሰበው፣ ከማህበራዊ መድን መዋጮው ጋ ተሰልቶ ወደ 34 በመቶ ገደማ ይመጣል። ሙሉው የገቢ ግብር ያለ መዋጮው 45 ነው። ሌበር ፓርቲ ሲወዳደር ቀዳዳውን እንዘጋለን ነበር ያለው፣ እንግዲ ያቺ 72.5 ከየት እንደመጣች መገመት አያቅትም።

ታክሱን እዚህ ላቁመውና ወደ ቁጥጥሩ ልለፍ፣ እዛ ደሞ አደጋው የሁሉም ነው።

መኒ ማርኬት ፈንድ ሚባል አለ። ሰው እንደ ባንክ ሂሳብ ነው ሚያየው፣ 1 ዶላር አስገብተህ 1 ዶላር ታወጣለህ፣ ትንሽ ወለድም አለው። ግን ባንክ አይደለም፣ የተቀማጭ ዋስትና የለውም፣ ብሩ ለአጭር ግዜ ለካምፓኒዎችና ለመንግስት የተሰጠ ብድር ነው። በመስከረም 2008 ሌማን ብራዘርስ ሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ባንክ ሲወድቅ ሪዘርቭ ፕራይመሪ ሚባለው ፈንድ እዛ 785 ሚሊዮን ዶላር ነበረው፣ የ1 ዶላሩ ዋጋ ወደ 97 ሳንቲም ወረደ። ሶስት ሳንቲም ብቻ ነው የጎደለው፣ ግን ባለገንዘቡ ሁሉ በሌሎቹም ፈንዶች ላይ ተሻምቶ ወጣ፣ መንግስት ዋስትና እሰጣለሁ እስኪል ድረስ።

ከዛ የኤስኢሲ (የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት) ሊቀመንበር የነበሩት ሜሪ ሻፒሮ ሁለት አማራጭ ይዘው መጡ፤ ወይ ዋጋው ከገበያው ጋ ከፍ ዝቅ ይበል፣ ወይ ለክፉ ቀን ሚሆን መጠባበቂያ ካፒታል ያዙ። ኢንዱስትሪው ተነሳ። እዚጋ ዘዴያቸውን እዩልኝ፤ የፈንድ ካምፓኒዎቹ ብቻቸውን አልተከራከሩም፣ ከነዚህ ፈንዶች ሚበደሩ ከተሞችና ክልሎች፣ ብራቸውን እዛ ሚያስቀምጡ ትላልቅ ካምፓኒዎች ሁሉ ደብዳቤ ጻፉ። ከአንድ ፈንድ ማናጀር ይልቅ የከተማ አስተዳደር ደብዳቤ ፖለቲከኛ ጆሮ ይገባል። ነሀሴ 2012 ላይ ሻፒሮ ከአምስቱ ኮሚሽነሮች ሶስቱ እንደማይደግፉ አውቀው ሀሳቡን ተዉት፣ የወሳኙ ድምጽ ባለቤት ዴሞክራት የሆኑ፣ ቀድሞ ግን ኢንቬስኮ ሚባለው የፈንድ ካምፓኒ ውስጥ የሰሩ ኮሚሽነር ነበሩ። እሳቸው ያነሱት ምክንያት ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ሚል ነበር።

በ2014 ላላ ያለ ህግ ወጣ። ዋጋው ከገበያው ጋ ከፍ ዝቅ ሚለው (ሚንሳፈፈው) ለአንዳንድ የተቋማት ፈንዶች ብቻ ሆነ፣ በተጨማሪ ቶሎ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሚቀየረው ሀብት ከ30 በመቶ በታች ከወረደ ፈንዱ በሩን ዘግቶ ብር አላወጣም ማለት ይችላል ተባለ፣ ኢንዱስትሪውም ከተንሳፋፊ ዋጋ ይሄ ይሻላል ብሎ የደገፈው አማራጭ ነበር። መጋቢት 2020 ኮቪድ ሲመጣ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰው 30 በመቶዋ ሳትደርስ፣ በሩ ሳይዘጋብኝ ብሎ ቀድሞ ሮጠ። መዝጊያው ራሱ ሽሚያውን አባባሰው፣ የአሜሪካ ማእከላዊ ባንክ ፌደራል ሪዘርቭም ድጋሚ ገብቶ ማዳን ነበረበት። ያንን መዝጊያ ኤስኢሲ ያነሳው በ2023 ነው። ከሌማን እስከዚህ 15 አመት። አውሮፓም ብትሄዱ ያው ነው፣ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2013 ባቀረበው ረቂቅ ላይ 3 በመቶ መጠባበቂያ ነበረ፣ በ2017 ህጉ ሲወጣ የለም።

አውሮፓን ካነሳን አይቀር በ2009 የሄጅ ፈንድና የፕራይቬት ኢኩቲ መቆጣጠሪያ ህግ ሲቀርብ ፓርላማው ላይ ከ1,600 በላይ የማሻሻያ ሀሳብ ነው የዘነበበት። አንድ የፓርላማ አባል ከሁለት ሶስት ረዳት ጋ ሆኖ ይሄን ሁሉ ሊያነብ አይችልም፣ ስለዚ ተዘጋጅቶ የመጣ፣ ቃሉ የተስተካከለ ጽሁፍ ሚሰጠው ሰው ባለውለታው ነው። ሌላው የሽያጭ ኮሚሽን ጉዳይ ነው፤ ባንክ ውስጥ ያለ አማካሪ አንድ ፈንድ ሲሸጥላችሁ የፈንዱ ካምፓኒ ለባንኩ ይከፍለዋል፣ ከናንተ ክፍያ ላይ ተቆርጦ። እንግሊዝና ኔዘርላንድስ ይሄን ከአስር አመት በፊት ከልክለዋል። የአውሮፓ ኮሚሽነሯ ሜሬድ ማክጊነስ ለመላው ህብረቱ ይከልከል ሚለውን ሲያነሱ ኢንዱስትሪውም የጀርመኑ የፋይናንስ ሚኒስትር ሊንድነርም ተቃወሙ፣ ግንቦት 2023 ላይ ረቂቁ ሲወጣ እገዳው ያለ ምክር ሚሸጠው ላይ ብቻ ሆኖ ቀረ፣ በ2024 ደሞ ፓርላማውም አባል አገራቱም በየፊናቸው እሷኑም አወጧት።

ህጉ በረቂቅም በድርድርም ካልተበላ ፍርድ ቤት አለ። ነሀሴ 2023 ኤስኢሲ የግል ፈንዶች (ሄጅ ፈንድ፣ ፕራይቬት ኢኩቲና መሰሎቻቸው) በየሶስት ወሩ ክፍያና ውጤታቸውን ለባለገንዘቦቻቸው በዝርዝር ያሳውቁ፣ በየአመቱ ኦዲት ይደረጉ፣ ለአንዱ ደምበኛ በድብቅ የተሻለ ውል አይስጡ ሚል ህግ በ3 ለ 2 ድምጽ አጸደቀ። የኢንዱስትሪው ማህበራት ተሰባስበው ከሰሱ፣ ከነሱ አንዱ ቴክሳስ ያለ ስለሆነ ጉዳዩ የሄደው ለተቆጣጣሪ መስሪያ ቤቶች ብዙም ፊት ወደማይሰጠው አምስተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ነው፣ ሰኔ 2024 ላይ ሙሉ ህጉ ተሰረዘ። ኤስኢሲ ይሄን ህግ ለማውጣት ስልጣን የለውም ተባለ።

ሎቢው ሁሌ ተሳስቷል ማለቴ ግን አይደለም። በ2022 ኤስኢሲ ሚውቹዋል ፈንድ መግዛትና መሸጥ ሚፈልግ ሰው ትእዛዙ ከቀኑ 10 ሰአት በፊት ፈንዱ እጅ ካልገባ በዛ ቀን ዋጋ አይስተናገድም ሚል ሀሳብ አቅርቦ ነበር። ኢንዱስትሪው ያኔ ያለው ትክክል ነበር ብዬ ነው ማስበው፤ የጡረታ ቆጣቢው ትእዛዝ በሁለት ሶስት ደላላ አልፎ ነው ፈንዱ ጋ ሚደርሰው፣ ስለዚ የሱ መዝጊያ ሰአት ከሌላው ሰው በሰአታት ይቀድም ነበር፣ በተለይ ምእራቡ ጫፍ ያለው። ሀሳቡ ሳይጸድቅ ቀረ። ተቆጣጣሪው ቢሮ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ማወቅ አይችልም፣ ቧንቧው የት የት እንደሚያልፍ ሚያውቀው በየቀኑ ሚሰራበት ሰው ነው። ችግሩ ያ ሰው ቧንቧው ላይ ድርሻ አለው።

ሁሉም ዘመቻ ላይ ደሞ አንድ ሰው አይጠፋም፣ ጡረተኛው። ታክስ ሲመጣ "ጡረተኛው ይጎዳል"፣ ቁጥጥር ሲመጣ "ወጪው ጡረተኛው ላይ ይወድቃል"። አንዳንዴ እውነት ነው፣ የጡረታ ተቋማት እነዚህ ፈንዶች ውስጥ ብዙ ብር አላቸው። ግን የአስተዳዳሪው ካሪድ ኢንተረስት ግብር ሚወጣው ከአስተዳዳሪው ድርሻ እንጂ ከጡረተኛው አይደለም፣ የሩብ አመት ሪፖርቱ ህግ ባይሰረዝ ኖሮም ከሚጠቀሙት መሀል ዋናዎቹ የጡረታ ተቋማቱ ነበሩ። የማህበራቱ ወጪስ ከየት ነው ሚመጣው? ከፈንድ ካምፓኒዎቹ ገቢ፣ እሱ ደሞ ከቆጣቢው ሚቆረጠው ክፍያ ነው።

ይሄን መከታተል ሚፈልግ ሰው ብዙ ነገር ክፍት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1995ቱ ህግ ወዲህ ሎቢስቶች ለማን እንደሚሰሩ፣ በየትኛው ረቂቅ ላይ፣ በስንት ብር ይመዘግባሉ፣ አሁን በየሶስት ወሩ ነው። ኤስኢሲ ጋ የገባ የአስተያየት ደብዳቤ ማንም ሊያነበው ይችላል፣ የአውሮፓም መዝገብ ከ2011 ጀምሮ አለ። እኔ መጀመሪያ ማየው ረቂቁንና የመጨረሻውን ህግ ጎን ለጎን አርጌ የተቀየሩትን ቁጥሮችና አዳዲስ "በስተቀር"ዎችን ነው፣ ከዛ ያቺን ቃል ቀድሞ ደብዳቤው ላይ የጻፋት ማን ነው ብዬ እፈልጋለሁ። መዝገብ ላይ የማይገባው ደሞ አለ፤ የእንግሊዝ የፋይናንስ ሚኒስትር የነበሩት ጆርጅ ኦዝቦርን ከስልጣን በወረዱ በወራት ውስጥ፣ በ2017፣ የፈንድ ካምፓኒው ብላክሮክ ጋ በወር አራት ቀን ገደማ ለሚሰራ የአማካሪነት ስራ በአመት 650 ሺህ ፓውንድ ተከፍሏቸዋል። ህግ አልጣሱም። በሎቢ መዝገብ ላይ ግን ይሄን አታገኙትም።

አሁን ጨዋታው ወደ ሌላ በር ዞሯል። ነሀሴ 2025 ላይ ትራምፕ የሰራተኞች የጡረታ ቁጠባ፣ 401ኬ ሚሉት፣ ፕራይቬት ኢኩቲና መሰል ነገሮች ውስጥ እንዲገባ መንገዱ ይከፈት ሚል ትእዛዝ ፈረሙ፣ ኢንዱስትሪው ለአመታት ሲጠይቀው የኖረ ነገር ነው። ክፍያው ስንት ይሆናል፣ ሰራተኛው ብሩን መቼ ማውጣት ይችላል፣ ከከሰረ አሰሪው ሊከሰስ ይችላል ወይ ሚለው ሁሉ ሚወሰነው ከትእዛዙ በኋላ በሚወጡት መመሪያዎች ውስጥ ነው። ሎቢስቶቹም አሁን ያሉት እዛ ነው።